የወጨጫ ዕዳ

እሷ፦ ጋሼ፣ የፊታችን እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ወጨጫን ልንወጣ ነው። በሰበታ በኩል ሱባ ደን እንገባና ከዚያ በእግር እስከ ጫፉ። እርስዎ ከግርጌው ያደጉ ሰው ነዎትና አብረውን ቢወጡ ምን ይመስልዎታል?

እሳቸው፦ ስላሰብሽኝ ተባረኪ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በእኛ ልጅነት ያን ዳገት የሚወጣ ሰው ወይ ከብት ጠፍቶበታል፣ ወይ እንጨት አልቆበታል፣ ወይ ማዶ ያለ ዘመድ ሞቶበታል። እንዲያው የሚወጣ ሰው አላውቅም። እናንተ ምን ፈልጋችሁ ነው?

እሷ፦ መጀመሪያ የፈለግነው እርስ በርስ መገናኘት ነው። ከተማ ውስጥ ካፌ እንቀጣጠራለን፤ አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው ሰዓቱን። ዳገት ላይ ማስመሰል አይቻልም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ማጠሩ ይታያል። ውሃውን የሚያካፍለው፣ የደከመውን ቦርሳ የሚቀበለው፣ ዞር ብሎ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ እዚያው ይለያል። ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጬ የሠራሁትን ሰው በደንብ ያወቅሁት ዳገት ላይ ነው።

እሳቸው፦ ለመተዋወቅ ከሆነ ጃንሜዳም ይበቃ ነበር። ይህን ተራራ ለምን መረጣችሁት?

እሷ፦ እሳተ ገሞራ ስለሆነ። ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ከአዲስ አበባ ምዕራብ እስከ ምሥራቅ የተደረደሩ የጥንት እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ወደ ደቡብ ራቅ ሲሉ ደግሞ ዝቋላ አለ፤ እሳት የወጣበት አፉ ዛሬ ሐይቅ ይዟል፣ በዳሩም ገዳም አለ። እንጦጦም ከእሳት የተሠራ ነው፤ አለቱ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ወጨጫ ከእሱ ጋር ሲተያይ ትናንት የተወለደ ነው፤ ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው። መንገድ ላይ የተፈነከተ ግራጫ ድንጋይ አንስተው ወደ ፀሐይ ቢያዞሩት ውስጡ ነጣ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ያብለጨልጫሉ። ጂኦሎጂስቶች ድንጋዩን ትራኪት ይሉታል። እነዚያ ክሪስታሎች ያደጉት የቀለጠው አለት ገና ከመሬት በታች ሳለ ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ ነው። ያን ድንጋይ በእጄ ይዤ የቆምኩበት መሬት ከምን እንደተሠራ ሳስብ ደስታዬ ልክ የለውም።

እሳቸው፦ ድንጋዩንማ እኛም እናውቀዋለን፤ የቤታችን መሠረት እሱ ነው። ግን እሳተ ገሞራ ስትይኝ የማስበው ሌላ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንንና ኦማንን አልፎ ሕንድ ሰማይ ድረስ ሄዷል፤ በረራም አስተጓጉሏል። ወጨጫ ጭስ የለው፣ ፍል ውሃ የለው። ድሮ በሞተ እሳት ስም ካልሆነ በቀር ከሌላ ጉብታ በምን ይለያል?

እሷ፦ ሃይሊ ጉቢ እሳቱ እንዴት እንደሚጀምር ያሳያል፤ ወጨጫ ደግሞ እሳቱ ካለቀ በኋላ ምን እንደሚያፈራ። ጫፉ ላይ ቆመው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያዩ የበቾ ሜዳ ይዘረጋል። ጤፍ የሚያበቅለው ያ ጥቁር አፈር ከእሳተ ገሞራ አለት መበስበስ የመጣ ነው። ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ ናት። ወደ ሰሜን ቡራዩና የገፈርሳ ግድብ፤ ከተማው ለዘመናት የጠጣው ውሃ። ትንሹ አቃቂ ከዚያው ወገን ተነስቶ ነው በከተማዋ ምዕራብ የሚወርደው። የእንጦጦን ሸንተረር ደግሞ ይመልከቱ፤ በደቡብ ፊቱ የወደቀ ዝናብ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባና አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል፤ በሰሜን ፊቱ፣ በሱሉልታ ሜዳ የወደቀው ግን በሲቢሉና በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። ይህን ሁሉ ትምህርት ቤት ነግረውኝ ነበር። ያመንኩት ግን በእግሬ ወጥቼ በዓይኔ ሳየው ነው።

እሳቸው፦ ይህ መልካም ነው፤ አልቃወምሽም። ነገር ግን እኔ ያየኋቸው ሃይኪንግ የሚሉ ሰዎች ይህን ሲመለከቱ አላየሁም። በኮስተር ይመጣሉ። ስፒከር ይዘው ይገባሉ፤ ጉሬዛው ከጥድ ወደ ጥድ ዘሎ ይጠፋል፣ ድኩላው ጭራሽ አይታይም። ሲወርዱ ሃይላንዱና የብስኩቱ ላስቲክ አስታው ሥር ይቀራል። ጭቃ ሲሆን መንገዱን ትተው በጎን በሣሩ ላይ ይረግጣሉ። ያ የተረገጠው ቦታ ክረምት ሲመጣ የጎርፍ መሄጃ ይሆናል፤ በዓመቱ ቦይ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

እሷ፦ የሚሉት ልክ ነው። እኛ ያስቀመጥነው ደንብም ከዚሁ የተነሳ ነው። ብዙ ሆነን አንሄድም። ሙዚቃ የለም። ይዘን የወጣነውን ይዘን እንወርዳለን፤ መንገድ ላይ ያገኘነውን የሌላ ሰው ላስቲክም ጭምር። ጭቃም ቢሆን በአንድ መንገድ ነው የምንሄደው። አጥፊ ተጓዥ አለ ተብሎ ጉዞው ራሱ ጥፋት አይሆንም።

እሳቸው፦ ደንብ ቤት ተቀምጦ ሲጻፍ ሁሉም ይስማማበታል። ተራራው ግን የራሱ ደንብ አለው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ይበልጣል። ወደ 1,000 ሜትር ስትወጪ ብርዱ በስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከሰዓት ጉም ይለብስና መንገዱ ይጠፋል። በበልግና በክረምት መብረቁ ገላጣ ጫፍ ላይ የቆመን ሰው አይምርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ቅዳሜ ማታ ተደዋውሎ እሑድ ጠዋት ተራራ መውጣት እንደዚያ ነው።

እሷ፦ ስለዚህ ነው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ የምንወጣው። ማልደን እንጀምራለን፣ ከሰዓት ሳይገፋ እንወርዳለን። አየሩ መሳሳቱን ደግሞ አውቀን ነው የምንሄደው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ነው። ሯጮቻችን ሱሉልታ ሄደው የሚለማመዱት ለምን ሆነና? የሳሳ አየር ሰውነትን ያስተምራል።

እሳቸው፦ ሯጩ እዚያው ይኖራል፤ ደሙም ሳንባውም ለምዶታል። እናንተ ከወንበር ተነስታችሁ ነው የምትመጡት። ከዚህም የሚከፋው ግን ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ያሞገስሽው ጓደኝነት ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ሲደክመው ይመለሳል። ከጓደኛ ጋር ሲሆን ያፍራል። «በእኔ ምክንያት ሁሉም ይመለስ?» ይላል። ደረቱን እያመመው ዝም ብሎ ይወጣል። ሌሎቹም ጫፉ ስለቀረበ አይጠይቁትም።

እሷ፦ ይህን ያህል ትክክለኛ ነገር ስለ ቡድን ጉዞ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። መልሱ ግን ብቻ መሄድ አይደለም። እኛ ጋ ፊት የሚሄደው በጣም የሚደክመው ሰው ነው፤ እርምጃውን እሱ ይወስናል። «እንመለስ» ያለ ሰው ምክንያቱን አይጠየቅም። ይህን ማክበር የማይችሉ ጓደኛሞች ከተማም ውስጥ ደህና ጓደኛሞች አይመስሉኝም፤ ተራራው ያሳያቸዋል እንጂ አላበላሻቸውም።

እሳቸው፦ ይሁን። እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ በጥንቃቄ ልትፈቺው ትችያለሽ። አሁን በጥንቃቄ የማይፈታውን ልንገርሽ። እናንተ በምትወርዱበት ሰዓት፣ በዚያው መንገድ፣ እንጨት የተሸከመች ሴት ትወርዳለች። ሸክሙ ከወገቧ በላይ ተሻግሮ ከራሷ ጋር እኩል ሆኗል፤ ገመዱ ትከሻዋን ይዞ ደረቷ ላይ ተቋጥሯል፤ ጎንበስ ብላ እግሯን ብቻ ነው የምታየው። ለማረፍ እንኳ አትቀመጥም፤ ከተቀመጠች ብቻዋን መነሳት አትችልምና ሸክሙን ጉብታ ላይ አስደግፋ ቆማ ነው የምታርፈው። ዳገቱ አንድ ነው፣ ላቡም አንድ ነው። የእናንተ ጤና ይባላል፤ የእሷ ድህነት። እሑድ ስትሄዱ ከእሷ ጋር ትገናኛላችሁ። ምን ትሏታላችሁ?

እሷ፦ መንገድ እንለቅላታለን፣ ሰላም እንላታለን። ይህ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ግን እስቲ እኔም ልጠይቅዎት ጋሼ፤ እኔ እሑድ ቤቴ ብቀር ሸክሟ ይቀልላታል? የተሸከመችውን እንጨት የሚያነደው ከተማው ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጀምሮ በዙሪያዋ ያሉትን ተራሮች ስትበላ ኖራለች። ገና ከጅምሩ እንጨቱ ከማለቁ የተነሳ ምኒልክ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ከመነሳት ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬም ውሃችን፣ የቤታችን ድንጋይ፣ የታሸገው ውሃ ሳይቀር ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ ይመጣል። ካፌ ተቀምጬ ሳለሁም ከዚህ ተራራ ነው የምኖረው፤ አላየውም እንጂ። መንገዱ ላይ ግን ሴትዮዋን ፊት ለፊት አያታለሁ።

እሳቸው፦ ማየትና መክፈል ይለያያሉ ልጄ። ዕዳ እንዳለበት የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ነው። ዕዳውን አውቆ፣ ባለገንዘቡን መንገድ ላይ አግኝቶ፣ ሰላም ብሎ የሚያልፈው ከእሱ ይብሳል።

እሷ፦ እንግዲያው እንክፈል። መንገዱ እኮ አለ። ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ እንግዳ ከአካባቢው ስካውት ይዞ ነው የሚሄደው፤ አስጎብኚው፣ በቅሎ ጫኙ፣ ወጥ ሠሪው እንጀራውን ከዚያው ያገኛል። ወንጪም እሳተ ገሞራ ነው። ፈረስ ያላቸው የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው እንግዳ ወደ ሐይቁ በማውረድ ኖረዋል፤ የዓለም ቱሪዝም ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ወጨጫ ላይም መንገድ የሚመራን የመንደሩ ልጅ፣ ቡና የምታፈላልን የመንደሩ እናት ብትሆን፣ ለኮስተሩ ከምንከፍለው የማያንስ እዚያ ብንተው፣ ዕዳው መከፈል ይጀምራል።

እሳቸው፦ ሰሜንን ከጠራሽ ታሪኩን ጨርሺው። የግጭ መንደር የት ሄደ? በፓርኩ ውስጥ ለትውልድ የኖሩ ሰዎች ከዓመታት በፊት ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። ተራራ ለእንግዳ ዓይን ዋጋ ባወጣ ቁጥር እዚያ የሚያርሰው ሰው እንደ ችግር መቆጠር ይጀምራል። ዛሬ ወጨጫ ላይ ቡና ታፈላልናለች ያልሻት እናት፣ ነገ ቦታው ታጥሮ ትኬት ሲቆረጥበት የት ነው የምትሆነው?

እሷ፦ ከባድ ጥያቄ ነው፤ አቅልዬ አልመልሰውም። ግን ሌላውም ወገን ይነገር። ዋልያ ከዚያ ተራራ በቀር በዓለም የትም የለም። ሣሩ ተግጦ፣ እርሻው ገደል አፋፍ ደርሶ ነበር። ዩኔስኮ በ1996 እ.ኤ.አ. ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ አስገብቶት፣ ከዚያ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ለግጭ ሰዎች የተከፈለው ይበቃል ወይ ቢሉኝ እርስዎና እኔ አንለያይም። የወጨጫን ገበሬ ግን ዛሬ እየገፋ ያለው የእሑድ ተጓዥ አይደለም። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል። ቤቱ ከሜዳው ተነስቶ ወደ ግርጌው እየወጣ ነው፤ የድንጋይ ካባው ጉብታውን ከጎኑ እየቆረሰው ነው። ተራራውን የሚወድ ሰው ከጠፋ፣ ስለ ተራራው የሚወስነው ድንጋዩን የሚፈልገው ሰው ነው።

እሳቸው፦ ተራራውን የሚወድ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። እኛ ነበርን።

እሷ፦ ነበራችሁ። ግን ሱባ ደን እንዴት እንደተረፈ ያስቡ። በአፍ የቆየው ታሪክ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይላል። ከእሳቸው በኋላ የመጡ ነገሥታትም እንዳይቆረጥ ጠብቀውታል። በዙሪያው ያለው ሲመነጠር ይህ የቀረው፣ ቃሉ የሚሰማለት ሰው ስለፈለገው ነው። ዛሬ ንጉሥ የለም። ቃሉ የሚሰማው የከተማው ሰው ነው። ዝግባው ሥር ቁጭ ብሎ የማያውቅ ሰው ስለ ዝግባው አይናገርም።

እሳቸው፦ ንጉሥ አስተከለው ይባል፤ ንጉሥ ግን ከብት አያግድም፣ ሰደድ እሳት ሲነሳ ቅጠል ይዞ አይሮጥም። ያን ሁሉ ዘመን ያቆየው ከዳሩ የኖረው ገበሬ ነው። የእሱ ስም አልተጻፈም። ደን በታጠረ ቁጥር ደግሞ ከዳር የሚኖር ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ትናንት ጭራሮ ለቃሚ የነበረችው ዛሬ ሌባ ትባላለች፣ መጥረቢያዋን ትነጠቃለች። እናንተ ለደኑ ስትናገሩ ለእሷም ነው የምትናገሩት ወይስ በእሷ ላይ?

እሷ፦ ሁለቱን ካልያዝን ንግግራችን ዋጋ የለውም። ማገዶ የሚተካ ነገር፣ ከእንጨት ሸክም የሚሻል እንጀራ ሳይኖር «ደኑን አትንኩ» ማለት ደኑንም ሴትዮዋንም አያድንም። ይህን እንኳ የተረዳሁት ጥዱን ወጥቼ ካየሁ በኋላ፣ እሷንም በዚያው መንገድ ካገኘሁ በኋላ ነው። አንዱን ብቻ ያየ ሰው አንዱን ብቻ ይዞ ይከራከራል።

እሳቸው፦ እኔን የሚያሳስበኝ እሑድ አይደለም፤ ሰኞ ነው። ከጓደኞችሽ አንዱ መሐንዲስ ይሆናል፣ አንዷ ባንክ ትሠራለች፣ አንዱ መሬት አስተዳደር። እሑድ ጫፉ ላይ ቆሞ አየሩን ያደነቀው ሰው፣ ሰኞ ጠረጴዛው ላይ የካባ ፈቃድ ሲቀርብለት ይፈርማል። አይቶ የፈረመ ሰው ሳያይ ከፈረመው በምን ይሻላል?

እሷ፦ አይቶ የፈረመን ሰው መጠየቅ ይቻላል። «አላውቅም ነበር» የሚለው በር ተዘግቶበታል። አጠገቡ ደግሞ አብረውት የወጡ ጓደኞች አሉ፤ ምን እንዳየ ያውቃሉ። ከጓደኛ ጋር የመውጣት ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው። ብቻውን ያየ ሰው ያየውን ሊረሳ ይችላል፤ አብረን ያየነውን ግን አንዳችን ለአንዳችን እናስታውሳለን።

እሳቸው፦ እንግዲያው ምስክር ልትሆኑ ነው የምትወጡት። ምስክርነት ደግሞ በስምምነት የሚተው ነገር አይደለም፤ የተጠራ ቀን መቅረብ ነው። ውሃው ሲሸጥ፣ ጉብታው ሲቆረስ፣ ያቺ ሴት ሌባ ስትባል ትጠራላችሁ። ስንቶቻችሁ ትቀርባላችሁ?

እሷ፦ ሁላችንም አንቀርብም፤ ይህን አልዋሽዎትም። ጥቂቶቻችን እንቀርባለን። እነዚያ ጥቂቶች ግን ከቤታቸው ካልወጡት መካከል አይገኙም።

እሳቸው፦ ያን ጥቂት ሰው ለማግኘት ተራራው ስንት ሰው መሸከም አለበት? ይህን መልሺልኝና እሑድ አብሬሽ እወጣለሁ።

እሷ፦ አብረውን ካልወጡ ቁጥሩን ማን ይነግረናል ጋሼ? ተራራው የሚችለውን የሚያውቀው እግሩ ሥር ያደገ ሰው ነው። «ይብቃ» የሚለን ሰው ካላመጣን በራሳችን አንቆምም፤ እርስዎ ከቀሩ ደግሞ ሳይቆጠር መውጣቱ ይቀጥላል።